ለምንተስኖት የቆሙ ሽማግሌዎች

ባለፈው ሳምንት ትሕትናን የተውናት መሐል ሜዳ ከተማ መናኸሪያ ውስጥ እጇን ለስንብት እንዳነሣች ነበር። አሁንም እዚያው ናት። የደብረ ብርሃኑ አውቶቡስ አቧራውን አስነሥቶ ከሄደ ቆይቷል፤ እጇ ግን አልወረደም። ረዳቶቹ የምትሳፈር መስላቸው እየተፈራረቁ "ደብረ ብርሃን ነሽ?" ይሏታል፤ እሷ አትሰማም።

ያለፈው ክፍል ላመለጣችሁ ነገሩን ባጭሩ ላስታውሳችሁ። ትሕትና በከተማው አንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ውስጥ መምህርት ናት። ክረምቱን ሙሉ፣ ደረጃ አራት ጨርሰው ዲግሪ መማር የሚፈልጉ ልጆችን ስታስጠና ነው የከረመችው። ልጆቹ ብየዳ ያውቃሉ፣ ሞተር ፈትተው ይገጥማሉ፣ የመብራት መስመር ይዘረጋሉ። ዩኒቨርሲቲ ግን ለእነሱ ሌላ አገር ነው። መምህሩ ሳያቋርጥ ተናግሮ ሲወጣ ከተናገረው የትኛው እንደሚጻፍ፣ ማንም ሳይቆጣ እንዴት እንደሚጠና፣ ያልገባን ነገር ሳያፍሩ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚጠይቁ አሳየቻቸው። ሒሳቡንም እንደ አዲስ አስጀመረቻቸው። የመግቢያ ፈተናውን ሁሉም አለፉ፤ ዛሬ ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ወዳለው ዩኒቨርሲቲ ሁሉም ተሳፈሩ። ከአንዱ በቀር።

አንዱ ምንተስኖት ነው። የጓሳ ሜዳ ዳር ልጅ፣ ቁመተ ረጅም፣ አፈ ቁጥብ፣ የማሽን ጥገና የጨረሰ፣ የመንደሩ ወፍጮ ሲታመም የሚጠራ። ክፍል ውስጥ አንድ ልማድ ነበረው። ትሕትና ወደ ሰሌዳው ስትዞር እሷን ያያል፤ እሷ ወደ ክፍሉ ስትዞር ሰሌዳውን ያያል። አንድ ቀን ግማሽ ዞራ ድንገት ተመለሰችና ያዘችው። የሁለቱም ፊት ቀላ። ያን ቀን ሰሌዳው ላይ የተጻፈው የቀመር መልስ ስሕተት ነበር፤ ማንም አላረመውም፣ ክፍሉ በሙሉ እንዳለ ገለበጠው። ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ ትሕትና ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት የምትቆምበት ጊዜ የረዘመው። አባቷ ደብረ ብርሃን ላይ ስሙ የሚታወቅ ሹም መሆኑን፣ "ልጄን ለባለ ዲግሪ እንጂ ለሌላ አልሰጥም" ማለቱንም አልረሳችም። ግን መስታወቱ ፊት ስትቆም አባቷ ትዝ አይላትም ነበር።

ዛሬ ጠዋት ከምንተስኖት የመጣላት መልእክት አጭር ነው። "ቲቸር፣ እኔ አልሄድም። ስለ ሁሉም አመሰግናለሁ።" ደጋግማ ደወለች፤ ስልኩ አይሠራም። ምዝገባው የሚያበቃው ሰኞ ነው። ሰኞ ካልተገኘ ቦታው ለሌላ ይሰጣል፤ የክረምቱ ልፋት ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው።

አባቱ ናቸው የከለከሉት ብላ ደመደመች። አቶ ተገኘ በዚያ አገር በጋራ የሚጠበቀው የጓሳው ሣር መቼ እንደሚታጨድ ከሚወስኑት አንዱ ናቸው፤ "አይሆንም" ካሉ አይሆንም ነው ይባላል። ራሱ ምንተስኖት አልፈልግም ብሎ ቢሆንስ የሚል ሐሳብ ብልጭ አለባትና ቶሎ አባረረችው። ጥፋቱ የአባትየው ቢሆን ነበር ደስ የሚላት።

*

አቶ ገብረየሱስ የኮሌጁ የንብረት ክፍል ኃላፊ ናቸው። ከመዶሻ እስከ ጄኔሬተር ያለው ሁሉ በእሳቸው እጅ ነው። አገር የሚያውቃቸው ግን በሌላ ነው፤ ለጋብቻ በሽምግልና ተልከው ባዶ እጃቸውን ተመልሰው አያውቁም። ትሕትና መጋዘናቸው ድረስ ሄዳ ነገሩን አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ልጁ ማለፉን፣ መቅረቱን፣ ምዝገባው ሰኞ እንደሚያበቃ። እኔ ብቻዬን ብሄድ አባቱ አይሰሙኝም፣ እርስዎ ቢለምኑልኝ አለች።

አቶ ገብረየሱስ አንድም ነገር አላጠፉም። ዩኒቨርሲቲ፣ ምዝገባ፣ ሰኞ፣ ሁሉንም በደንብ ተረድተዋል። ችግሩ ሰውየው በሕይወታቸው አንድ የልመና ዓይነት ብቻ ነው የሚያውቁት። ሰው ቤት ለልመና ሲኬድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ነጭ ጋቢ ይለበሳል፤ ከዘራ ይያዛል። ካህን አይታጣም፤ ስለዚህ መምሬ ኪዳነ ወልድን ጨመሩ። ሦስት መሆን ጥሩ ነው፤ ስለዚህ ትሕትናን ቆጠሩ።

እሑድ መንገዱ እስከሚያልቅበት በባጃጅ ሄዱ፤ ከዚያ በእግር። የጓሳ ነፋስ አጥንት ይሰብራል። ትሕትና ብርዱን ፈርታ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርባ፣ በላዩ ጃኬት ቆልፋ፣ ከሁሉም በላይ ነጠላ ጣል አድርጋ ድብልብል ብላለች። መንገዱን ሙሉ ለአቶ ተገኘ የምትናገረውን በልቧ ስታዘጋጅ ነበር። በየጥቂት እርምጃው ግን ያዘጋጀችው ይጠፋባትና የምንተስኖት ፊት ይመጣባታል።

*

አቶ ተገኘ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የተበጠሰ ጠፍር ይቀጥላሉ። ጋቢ ለባሾቹን ከሩቅ ሲያዩ ጠፍሩን ጥለው ወደ ቤት ገቡ፤ ሲወጡ የበዓል ኮታቸውን ለብሰዋል። ግቡ፣ ተቀመጡ አሉ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ገቡና ከበሩ ሥር ቆሙ።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ አቶ ገብረየሱስ።

ትሕትናም ከኋላቸው ቆመች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን አቋቋም ያየ ሕፃን እንኳ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ እሷም ለእኅቷ ጊዜ አይታዋለች። ዛሬ ግን ሐሳቧ ሰኞ ላይ ነው። አቶ ተገኘ በዝምታ ሲያሰሉ አላየችም። ትልቋ ልጃቸው ተድራለች፤ ትንሿ ገና አራተኛ ክፍል ናት። ያልተዳረ የቀረው ወንዱ ነው። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ይዘው የመጡት ሴት ልጅ ነው።

አቶ ገብረየሱስ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ጀመሩ። የልመናቸው መግቢያ አንድ ናት፤ ከወጣትነታቸው ጀምረው አልቀየሯትም። ከአዳም ትነሣለች። "እግዚአብሔር አዳምን ከፈጠረው በኋላ ብቻውን ይሆን ዘንድ መልካም አይደለም ብሎ" ሲሉ መምሬ በግእዝ ይከተሏቸዋል። ከአዳም ወደ ይስሐቅና ርብቃ፣ ከዚያ ወደ ጉዳዩ ትወርዳለች። ዛሬም ወደ ዩኒቨርሲቲው ሊወርዱ አስበው ነበር። ርብቃ ጋ ሲደርሱ ግን አቶ ተገኘ እጃቸውን አነሡ።

"ገባኝ፤ አይድከሙ" አሉና ፊታቸውን ወደ ትሕትና መለሱ። "ነይ እስቲ ልጄ፣ ወደ ብርሃኑ። አባትሽ ማን ይባላል?"

ነቢዩ አለቻቸው። የነቢዩ አባት? ወልደ አማኑኤል። የወልደ አማኑኤልስ? ተክለጻድቅ። ከዚያ በላይ ያለውን ስትፈልግ ግንባሯን ላብ ላብ አላት፤ ተማሪዎቿ ፈተና ላይ ምን እንደሚሰማቸው ያኔ ገባት። ከተክለጻድቅ በላይ አንድ ወልደ ሥላሴ እንደነበሩ፣ አገራቸውም ቀየት እንደሆነ አስታወሰች። በእናቷም በኩል ተጠየቀች። መምሬ በጣታቸው ሲቆጥሩ ቆዩና "አይነካካም" አሉ። አቶ ተገኘ ራሳቸውን ነቀነቁ። አገሩ ዘር ሳይጠይቅ ውሃ አያቀምስም ብላ ትሕትና አለፈችው።

"ነገሩ አልከፋኝም" አሉ አቶ ተገኘ። "ግን ዘመድ ሳላማክር እንዲህ ያለ ቃል ከቤቴ አይወጣም። ለሚካኤል ተመለሱ።"

"አባባ፣ እስከ ሚካኤል አይቆይም" አለች ትሕትና። "ነገ ካልሆነ አበቃ።"

የምንተስኖት እናት ወይዘሮ ጌታነሽ እስካሁን ከጓዳ በር ላይ ቆመው ሲሰሙ ነበር። ዓይናቸው ከትሕትና ፊት ወረደ፣ ሹራብ በሹራብ የተደራረበው ሆዷ ላይ ሲደርስ ቆመ። አጎዛ አምጥተው ምድጃው አጠገብ አነጠፉና ክንዷን ይዘው አስቀመጧት።

"እነሱ ይቁሙ፤ አንቺስ አትቁሚ ልጄ" አሏት ዝቅ ባለ ድምፅ።

ወዲያው ማር የገባበት ትኩስ አጥሚት አመጡላት። ትሕትና አጥሚቱን እየጠጣች እነዚህ ሰዎች እንዴት ደግ ናቸው ብላ አሰበች። እንዲህ ያለች እናት ያለችው ልጅ ለምን አባቱን ይፈራል ብላ ልቧ ራራለት።

*

ምንተስኖት በዚያን ሰዓት ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጥቶ ነበር። ለትሕትና የሚልከውን ቃል ሲጽፍና ሲሰርዝ አንዱ ጎረቤት ከታች ጮሆ ቤታችሁ ሽማግሌ ቆሟል አለው። እየሮጠ መጣ። ስልኩን እንደያዘ በሩ ላይ ደረሰና ቀጥ አለ። ሽማግሌዎቹ ቆመዋል። የአቶ ገብረየሱስ ጉልበት ትንሽ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ትሕትና አጎዛ ላይ ተቀምጣ የአጥሚት ጽዋ በሁለት እጇ ይዛለች።

አቶ ተገኘ ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች አዩት።

"ከሰው ከመስማቴ በፊት አንተ ልትነግረኝ ይገባ ነበር። ይኸን ያህል ትፈራኛለህ?" አሉት። "ወግ ተገልብጦ ሴቷ ሽማግሌ ይዛ መጣች። እሺ፣ ይሁን። እነዚህ አባቶች አንተን ለዚህች ልጅ ሊጠይቁ ነው የቆሙት። ትፈልጋታለህ ወይስ አትፈልጋትም?"

ጽዋው የትሕትና ከንፈር ላይ ሳይደርስ ቀረ። አዳም፣ ርብቃ፣ ወልደ ሥላሴ፣ አጎዛው፣ አጥሚቱ፣ ሁሉም ባንዴ ተሰለፉላት። ጆሮዋ ጋለ። መሬት ብትከፈትላት ሳታመነታ ትገባ ነበር። ቀና ስትል ምንተስኖት እያያት ነው። ዛሬ ዓይኑን ወደ የትም አላሸሸም። ፊቱ ላይ አይታው የማታውቀው ደስታ ነበር፤ ደስ ሲለው እንዲህ እንደሚያምር እንኳ አታውቅም ነበር።

"እፈልጋታለሁ" አለ።

ቃሉ እንዲህ ቀላል ነው። ክረምቱን ሙሉ ስትጠብቀው የነበረ ቃል ነው። እሷ ግን ድንጋጤ ቀደማትና "አይደለም፤ ለዩኒቨርሲቲው ነው የመጣነው" ብላ ወረወረችው።

የልጁ ፊት ጠፋ። ማሾ ሲያጠፉት እንደሚጠፋው ነው። ትሕትና የገዛ አፏን በእጇ ያዘች፤ ግን ቃል ከወጣ በኋላ ነው የያዘችው። ያኔ አወቀች። ክረምቱን ሙሉ ትወደው እንደሆነ እንጃ ስትል የነበረችው ልጅ፣ ያ ፊት ሲጠፋ አወቀች።

"እኔ እሱ ጋ ልደርስ ነበር" አሉ አቶ ገብረየሱስ እየተቆጡ። "ርብቃ ላይ አቋረጡኝ እንጂ።"

አቶ ተገኘ ግን አልሰሟቸውም። "የምን ዩኒቨርሲቲ?" አሉ። "ወደቅሁ አላለኝም?"

አሁን ደግሞ የመደንገጥ ተራው የትሕትና ሆነ። አልወደቀም፣ ጥሩ አድርጎ ነው ያለፈው፣ ቦታው ተይዞለታል፣ ነገ ካልተመዘገበ ይወሰድበታል አለቻቸው። አቶ ተገኘ ቀስ ብለው መደቡ ላይ ተቀመጡ። ወይዘሮ ጌታነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ልጃቸው ወደቅሁ ያላቸው ቀን አልቅሰው ነበር።

"እናትህን በከንቱ አስለቀስካት" አሉ አቶ ተገኘ። ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻል ነበር። "ምን አድርጌህ ነው? መቼ አትማር አልኩህ?"

ምንተስኖት ስልኩን ኪሱ ከተተ። ከዚያ የተናገረው ክረምቱን ሙሉ ክፍል ውስጥ ከተናገረው ሁሉ ይበልጣል። የሠፈራቸውን ልጅ ኮከብን አነሣ። ኮከብም ደረጃ አራት ጨርሶ በእልልታ ተሸኝቶ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነበር፤ በመንፈቁ ወድቆ ተመለሰ። አሁን ገበያ ሲወጣ ሰው እንዳያየው በጓሮ ነው የሚዞረው።

"እዚህ ሞተር ሲበላሽ ይጠሩኛል፤ እሄዳለሁ፣ እሠራለሁ" አለ። "እዚያ የሚጠብቁኝ ቀለም ሲቆጥሩ ያደጉ ልጆች ናቸው። ብወድቅ እመለሳለሁ። መመለሱን አልፈራሁም፤ ቤቴ ነው። መሐል ሜዳ ላይ ከአውቶቡስ ስወርድ እሷ ብታየኝስ? ያንን አልችልም። ለእሷ አልፎ የቀረ ብሆን ይሻለኛል።"

ትሕትና እንባዋ ጽዋው ውስጥ ሲወርድ አላወቀችም።

አቶ ተገኘ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። የሣር ክርክር የሚዳኙ ሰው ናቸውና ነገሩ እንደ ተምታታ የመሬት ድንበር ነው የታያቸው።

"ሁለት ጉዳይ ነው የተደባለቀው፤ ለየብቻ እንየው" አሉ። "ለትምህርት ዘመድ አይማከርም። ተነሥና ልብስህን ሰብስብ፤ ዛሬ ከእነሱ ጋር ትወርዳለህ። ይኸ አለቀ። ሁለተኛው ላይ አንተ እፈልጋታለሁ ብለሃል፤ ሰምተናል። እሷ ግን ያለችው ነገር የለም።"

ሁሉም ወደ አጎዛው ዞሩ። ትሕትና ጽዋውን አስቀምጣ ተነሣች። መጀመሪያ ለወይዘሮ ጌታነሽ አንድ ነገር ማጥራት ነበረባት። ጃኬቷን ፈታች፤ የላይኛውን ሹራብ፣ ከሥሩ ያለውን፣ ከዚያም ሥር ያለውን አሳየቻቸው።

"እማማ፣ ብርድ ነው" አለች። "ሌላ ምንም የለም።"

ወይዘሮ ጌታነሽ መጀመሪያ አፈሩ፤ ከዚያ ሳቅ አፈናቸው። መምሬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ምንተስኖት ብቻ አልሳቀም፤ እየጠበቀ ነው። ትሕትና ወደ አባቱ ዞረች። የሹሙ ልጅ፣ መምህርቷ፣ ሰሌዳ ፊት ቃል የማያጥራት፣ ቃል ፍለጋ ተቸገረች።

"አባባ" አለች በመጨረሻ፣ "ሳላውቅ ነው ያመጣኋቸው። ግን ከመጡ አይቀር ባዶ እጃቸውን አይመልሱብኝ።"

አቶ ገብረየሱስ ለመቀመጥ ሁለተኛ ግብዣ አልጠበቁም። ጉልበታቸው ሲጮህ ቤቱ በሙሉ ሰማው።

አቶ ተገኘ ግን ወግ የማይገለብጡ ሰው ናቸው። ለማኞቹ እኛ የወንዱ ወገኖች ነን እንጂ እነሱ አይደሉም አሉ። አባቷ ባለ ዲግሪ ነው የሚፈልጉት ስትላቸው ደግሞ ደግ አደረጉ፣ ሄዶ ያምጣዋ አሉ።

"አራት ዓመት ቢቀጥሩኝ አራት ዓመት እመላለሳለሁ" አሉ። "ግን እኔ ደብረ ብርሃንን አላውቃትም። ከመኪና ስወርድ የሚቀበለኝ፣ የአባቷን ቤት የሚያሳየኝ ሰው እዚያ ያስፈልገኛል። ስለዚህ አንተ ቶሎ ሄደህ ተማር። አባትህን መንገድ ላይ እንዳታቆመው።"

ምንተስኖት ጎንበስ ብሎ የአባቱን ጉልበት ሳመ። ያ ዝምተኛ ልጅ ሲያለቅስ ድምፅ ነበረው።

*

ሲመለሱ ሁለቱ ሽማግሌዎች ከፊት፣ ሁለቱ ልጆች ከኋላ ሆኑ። ወይዘሮ ጌታነሽ በሶውን፣ ዳቦውንና ራሳቸው የፈተሉትን የሱፍ ባና ምንተስኖትን አሸክመውታል። ፊት ለፊት ያለው የሜዳው ሣር በነፋስ ይተኛል፣ ይነሣል። መምሬ ጮክ ብለው የርብቃን ታሪክ ከቆመበት ይቀጥላሉ፤ ከኋላ የሚሰማቸው ግን የለም።

"ብወድቅስ?" አላት ምንተስኖት።

"ማን ትመልስልህ? ቲቸሯ ወይስ ትሕትና?"

"ሁለቱም።"

"ቲቸሯ፣ ብትወድቅ ክረምት ላይ ና፤ ከመጀመሪያው እንጀምራለን፤ እኔም አላፍርብህም ትላለች።"

"ትሕትናስ?"

ይህን ለማንም ልትነግር አላሰበችም ነበር።

"ትሕትና ፈርታለች" አለች። "መውደቅህን አይደለም። እዚያ ሄደህ ታልፋለህ፣ ትልቅ ሰው ትሆናለህ። ያን ጊዜ መሐል ሜዳ ያለችውን አንዲት አስተማሪ እንዳትረሳት ነው።"

ምንተስኖት መንገዱ ላይ ቆመ። እስከዚያ ድረስ የሚፈራ ሰው በዓለም ላይ እሱ ብቻ ይመስለው ነበር። ሻንጣውን ወደ ሌላው ትከሻው አዞረና እጇን ያዘ። እጁ ሻካራ ነው፤ ሞቃትም ነው። ሽማግሌዎቹ ዞረው አላዩአቸውም፤ ወይም አይተው ዝም አሉ።

ከታች፣ መንገዱ ከሚጀምርበት፣ ባጃጁ ሲመጣ ድምፁ ተሰማ። ለምዝገባው ይድረስልኝ ብላ ሽማግሌ አስከትላ ዳገት የወጣችው ትሕትና፣ አሁን እጇ በእጁ ውስጥ እንዳለ፣ ያ ባጃጅ ትንሽ እንዲዘገይ በልቧ ለመነች።